ለድንኬ የተመረጠው ምላጭ

ማርስ ላይ ባለችው ከተማ በቀይ ዳር ለትራክተር ዕቃ ሲመረጥ ትራክተሩም ይጠየቃል። ስለዚህ በዚያ ጠዋት ሸጊቱ ወደ ጋራዡ ስትገባ፣ እንግዳ የሚባለው መካኒክ ሦስት ምላጮችን ወለሉ ላይ ደርድሮ፣ ትራክተሯን ድንኬን ጀርባዋን ወደ እነሱ አዙሮ አቁሟት፣ እሱ ራሱ መፍቻውን በጣቱ እያሽከረከረ ይጠብቃት ነበር።

ድንኬ ትንሽ ትራክተር ነች። ቁመቷ ከሰው ትከሻ ብዙም አያልፍም፤ ወንበሯም አንድ ብቻ ነው። ቀይ ዳርን ከበረዶ ጉድጓዱ ጋር የሚያገናኘውን ረጅም መንገድ ከማርስ አቧራ የምትጠብቀው ግን እሷ ነች። የመንገዱ ኃላፊ ደግሞ ሸጊቱ ነች፤ አርባዎቹን የጀመረች፣ ቀጠን ያለች፣ ስታስብ የታችኛውን ከንፈሯን የምትነክስ ሴት። ሥራውን የተረከበችው ወገቡን አሞት መንዳት ካቆመው ከታላቅ ወንድሟ ከላቀው ነው።

«የትኛው ነው ደስ ያለሽ?» አላት እንግዳ።

«ገና ሳላያቸው?»

«ዓይንሽ ከከባዱ ላይ አልተነሳም እኮ።»

እውነቱን ነበር። ምላጭ የሚሉት ከትራክተሩ ኋላ በሦስት ክንዶች ታስሮ አፈሩን የሚቆርጠውንና የሚጠርገውን የብረት ሰሌዳ ነው። አንደኛው ላቀው ዘመኑን ሁሉ ሲሠራበት የኖረው ሰፊና ስስ ምላጭ ነበር፤ እንግዳ ጎኑን አቃንቶ ጠርዙን ሞርዶታል። ሁለተኛው መካከለኛ ሆኖ ከላዩ ድንጋይ የሚጫንበት ሣጥን አለው። ሦስተኛው ከአንድ አሮጌ የጠፈር መንኮራኩር እግር ቀልጦ በቅርቡ የተሠራ ነው፤ ወፍራም፣ ጥቁር፣ ስለቱ በአንድ በኩል ሲያልቅ ተገልብጦ በሌላው የሚሠራ፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም የሚዞር።

ምድር ላይ ምላጭ አፈር የሚነክሰው በክብደቱ ነው። ማርስ ላይ ግን ሁሉም ነገር ከምድሩ ሲሶ ትንሽ ቢበልጥ ነው የሚመዝነው። ለተራ አቧራ ስሱ ምላጭ ይበቃ ነበር። ዘንድሮ የመጣው ነገር ግን ተራ አቧራ አልነበረም። ነፋስ በር በሚባለው ቁልቁለት ላይ ነፋሱ የአሸዋ ክምር ጥሎ ሄደ፤ ከአሸዋው ጋር የመጣው ጨው ደግሞ እንደ ሲሚንቶ አጣበቀው። ስሱ ምላጭ በላዩ ላይ ይንሸራተታል። በሣጥኑ ላይ ድንጋይ የተጫነበትም ቢሆን ሞክረውት ቅርፊቱን ከመቧጨር አላለፈም። ውኃ የሚሆነውን በረዶ የሚያመጡት የበረዶ መኪኖቹ ማዶ ቆመዋል። የከተማዋ የውኃ ታንከር እየጎደለ ነው፤ ገላ መታጠብ ተከልክሏል፣ የአትክልት ድንኳኖቹም የሚጠጡት በግማሽ ሆኗል።

ሸጊቱ ከባዱን ምላጭ ዞራ አየችው። «ስፋቱስ? ወደ ጎን ሲዞር ጎማዋን ይሸፍናል?»

«ቀጥ ሲል ከጎማዋ በሁለቱም በኩል ስንዝር ያህል ያልፋል። ሲዞር ይጠባል፤ ቢሆንም የጎማ ዱካ አይተውም።»

«ክንዶቿስ ይችሉታል?»

«ክንዶቿ ይችሉታል። እኔን የሚያሳስበኝ አፍንጫዋ ነው። ከኋላ ይህን ያህል ስታንጠለጥል ፊቷ ይቀላል፤ ፊቷ ከቀለለ ደግሞ መሪው መሬት አይቆነጥጥም። ፊት ለፊት ክብደት አስሬላታለሁ።»

«እሰረውና እንጠይቃት።»

መጠየቅ ማለት ዕቃውን አስሮ መብራቷን ማየት ነው። ድንኬ አትናገርም። ልማድ ግን አላት። ልማድ የሚሉት ማሽኗ ከሾፌሮቿ እጅ እያየች ያጠራቀመችውን ነው፦ መሪው የት እንደሚዞር፣ ማርሹ መቼ እንደሚቀነስ፣ ምላጩ የት እንደሚነሳና የት እንደሚወርድ። አዲስ ዕቃ ሲታሰርባት ያንን ልማድ ይዛ መንገዱን በሐሳቧ ትሄድበታለች። አረንጓዴ ካበራች ተስማምታለች፤ ቢጫ ካበራች ተጠንቀቁ ማለቷ ነው፤ ቀይ ካበራች አልሄድም።

ከባዱ ምላጭ ታሰረ። መብራቱ ለሜዳው አረንጓዴ፣ ለሸለቆው አረንጓዴ ሆነ። ነፋስ በር ላይ ሲደርስ ቀላ።

«ፊቷ ላይ ክብደት ጨምር» አለች ሸጊቱ።

ጨመረ። ያው ቀይ ነው።

ሜዳው ላይ ወስዳ ሞከረችው። እዚያ እንደ ልብ ነው። ምላጩ መሬት እንደነካ ቅርፊቱ ተሰነጠቀ፣ ከዚያ እንደ ሰሌዳ እየተገነጠለ ወደ ጎን ተገለበጠ። ሸጊቱ በጠፈር ልብሷ ቆብ ውስጥ ብቻዋን ሳቀች። ወደ ቁልቁለቱ አፋፍ ስትቃረብ ግን ድንኬ ፍሬኗን ራሷ ያዘች። ነዳጅ ብትሰጣት አትንቀሳቀስም፤ ማርሹን ብትቀይር አትንቀሳቀስም። ከፊት ቁልቁለቱ፣ ከቁልቁለቱ ጎን ገደሉ፣ ከታች በክምሩ ማዶ የበረዶ መኪኖቹ ጥቃቅን ሆነው ይታያሉ። ሸጊቱ ጥቂት ጠብቃ መሪውን አዙራ ተመለሰች።

እንግዳ ሽቦውን ሁሉ ፈታው። የተበላሸ ነገር አላገኘም። እሱ ገና ክዳኑን እየገጠመ ሳለ የከተማዋ አስተዳዳሪ ወይዘሮ ኤልፍነሽ በሬዲዮ ገቡ።

«ደህና ዋላችሁ? መንገዱ ምን ደረሰ?»

«ምላጩ ጥሩ ነው፣ ወይዘሮ ኤልፍነሽ» አለች ሸጊቱ። «ትራክተሯ ናት እንቢ ያለችው።»

«እንዴት ነው እንቢ የምትለው? እንግዳ፣ መፍትሔ የለህም?»

እንግዳ ጉሮሮውን ጠረገ። «አንድ አለ። ልማዷን ማጠብ። ያኔ ከፋብሪካ እንደወጣች ትሆናለች። አሁን በስክሪኑ ሞክሬው ነበር፤ ሲታጠብ መብራቷ ለነፋስ በር አረንጓዴ ይሆናል።»

«እጠባታ! ምን ትጠብቃለህ? ሰዉ ውኃ እየተጠማ ነው እኮ።»

ሬዲዮው ተዘጋ። እንግዳ ግን እጁን አላነሳም፤ ሸጊቱን ነበር የሚያየው። የድንኬ ልማድ አብዛኛው የላቀው እጅ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። መንገዱን ከባዶ ሜዳ የከፈተው እሱ ነው። ማጠብ ማለት የሱን ዘመን ማጥፋት ነው።

«ቆይ» አለች ሸጊቱ። «መጀመሪያ ላነጋግረው።»

ላቀውን ያገኘችው በአትክልት ድንኳኑ ውስጥ ነው። ወገቡን በመቀነት ሸብ አድርጎ ቅጠሉ የጠወለገ ጎመን ፊት ቆሟል። ቁመቱ ረጅም፣ ጸጉሩ ሙሉ በሙሉ ሸብቷል። ቀይ ዳር ውስጥ ላቀው የሚለው ስም ሲነሳ ሰው «እሱማ አይፈራም» ይላል፤ ልጆች ሳይቀሩ ይህን ያውቃሉ።

«ጋሼ፣ ድንኬ ነፋስ በርን አልወርድም አለችኝ።»

«በየትኛው ምላጭ?»

«በከባዱ።»

«ታዲያ ቀላሉን እሰሪላት።»

«ቀላሉ ይንሸራተታል። ትናንት አይተኸዋል።» ወደ እሱ ጠጋ አለች። «አንተ እዚያ ስትደርስ ምን ታደርግ ነበር?»

«ምን አደርጋለሁ? ምላጩን አነሳለሁ፣ ቀስ ብዬ እወርዳለሁ።»

«ለምን ታነሳለህ?»

ላቀው በጣቱ ይዟት የነበረችውን ቅጠል ለቀቃት። «እንዲሁ ነዋ።»

«እንዲሁ አይደለም። ቁልቁለቱን የምትጠርገው ከታች ወደ ላይ ስትመለስ ብቻ ነበር። ስትወርድ አንድ ቀን ጠርገህ አታውቅም። ለኔም ያስተማርከኝ እንደዚያ ነው፤ እኔም ዛሬ ድረስ አነሳለሁ። ለምን እንደሆነ ግን ጠይቄህ አላውቅም።»

ወንድሟ ጎመኑ አጠገብ ካለው ሣጥን ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ወገቡን አሞት ይሁን ሌላ ነገር፣ ፊቱ ጭምድድ አለ።

«መንገዱን በከፈትኩበት ዓመት ነው» አለ። «ምላጩን አውርጄ ስወርድ ከአሸዋው ሥር ድንጋይ ያዘው። ስሱ ምላጭ ነዋ፤ ዘለለና አየር ላይ ቀረ። ፍሬን ያዝኩ፤ ጎማው ቆመ፣ ትራክተሯ ግን አልቆመችም። ሸጊ፣ ስትንሸራተት ድምፅ እንኳ የለውም። ወደ ገደሉ በጎን ሄድን። ስንቆም የፊት ግራ ጎማዋ አየር ላይ ነበር። ቆቤ በትንፋሼ እስኪጨልም ድረስ ከዚያ ወንበር አልተነሳሁም።»

«ለማንም አልነገርክም።»

«ለማን? ሰዉ ገና መምጣቱ ነበር፤ ሁሉም ፈርቶ ነበር። አንድ የማይፈራ ሰው ያስፈልጋቸው ነበር መሰለኝ። ከዚያ በኋላ አፋፉ ላይ ስደርስ እጄ ራሱ ማንሻውን ይስበዋል። እኔ እንኳ ረስቼው ነበር።» ቀና ብሎ አያት። «እሷ ግን ይዛው ኖራለች ማለት ነው?»

«ይመስለኛል።»

«እጠቧት እንግዲህ። የኔ ፍርሃት ለማን ምን ያደርጋል? ከተማው ውኃ ይጠጣ።»

ሸጊቱ ወደ ጋራዡ እየተመለሰች ስለ ወንድሟ ልታዝን ሞከረች፤ የመጣባት ግን ሌላ ነገር ነበር። እሷም ያንን ማንሻ በሳበች ቁጥር የፈራችው የሱን ፍርሃት ነበር። ማንም ሳይነግራት፣ እሱም ሳይነግራት፣ በእጅ ብቻ ተቀበለችው። ይህን ለእንግዳ ስትነግረው መፍቻውን አስቀመጠ።

«ምላጩን አንስቶ ነው የሚወርደው አልሽኝ?»

«አዎ።»

«ከባዱን ምላጭ አንስታ?» ወደ ስክሪኑ ሄደ። «ድንኬ በሐሳቧ የምትወርደው እኮ ላቀው በሚወርድበት መንገድ ነው። ያንን ብረት ከኋላዋ አንጠልጥላ። ፊቷ ይቀላል፤ መሪ የለም።» ጥቂት ነካካና ትንሿ ድንኬ በስክሪኑ ላይ ወረደች፤ ከመካከል ሳትደርስ ተጠማዘዘችና ገደሉ ውስጥ ገባች። «ልክ ናት። እኔም ብሆን ቀይ ነበር የማበራው።»

«የታጠበችዋንስ እንደዚህ አስወርደሃታል?»

የእንግዳ እጅ አየር ላይ ቆመ። «እሷን... መብራቷን ነው ያየሁት።»

አስወረዳት። የታጠበችው ድንኬ አረንጓዴ አብርታ፣ ምላጯን አውርዳ በእርጋታ ጀመረች። ከዚያም ቁልቁለቱ በበረታበት ቦታ ለመዞር ስትል ምላጩን አንስታ ፍሬን ያዘች፤ ምድር ላይ ቢሆን ልክ በሆነው ሰዓት። አልቆመችም። ተንሸራትታ እሷም ገደሉ ውስጥ ገባች።

«የፋብሪካ ልማዷ የምድር ነው» አለ እንግዳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እዚህ ክብደቱ ይቀንሳል እንጂ ሩጫው አይቀንስም። ያ ብረት አንዴ መሄድ ከጀመረ እንደ ምድሩ ነው የሚገፋው፤ ጎማው መሬት የሚይዝበት ኃይል ግን ሲሶ ብቻ ነው። አረንጓዴ ያበራችው ስለማታውቅ ነው። ልልክሽ ነበር እኮ፣ ሸጊቱ።»

«አልላክኸኝም። ሌላ አስወርድ። ምላጩ ሳይነሳ፣ እስከ መጨረሻው ነክሶ።»

ይህንን ብዙ ጊዜ ሞከሩት። ምላጩ መሬት ውስጥ እስካለ ድረስ ትራክተሯን ከኋላ እንደ መልሕቅ ይይዛታል። ስሱ ምላጭ ድንጋይ ሲነካ ይዘላል፤ ከባዱ ግን አይዘልም፣ ወይ ይቆርጠዋል ወይ ያቆማታል። መብራቱ ቢጫ ሆነ። አረንጓዴ ሊሆን አልቻለም፤ ድንኬ እንደዚያ ሲወረድ አይታ አታውቅማ። አንድ ሰው በእጁ ሊያሳያት ይገባል።

ወይዘሮ ኤልፍነሽ ነገሩን በሬዲዮ ሰሙ። «ብትሞቺብኝስ?» አሉ።

«ማጠቡ ነበር የሚገድለኝ» አለች ሸጊቱ።

ከሰዓት በኋላ አፋፉ ጋ ደረሰች። ላቀው እግሩን እየጎተተ ጋራዡ ድረስ መጥቶ ከእንግዳ አጠገብ ሬዲዮው ሥር ተቀምጧል። ሸጊቱ መሪው ላይ የተገጠመውን፣ ልማዱን ለጊዜው የሚያላቅቀውን እጀታ በግራ እጇ ጨመቀች፤ እሱን እስከያዘች ድረስ ድንኬ የሷን እጅ ብቻ ነው የምትሰማው። ምላጩን ወደ ጎን አዞረችና አወረደችው። ስለቱ ሲነክስ ወንበሯ ሥር ተሰማት።

የፊት ጎማዎቹ ቁልቁለቱን ጀመሩ። ቅርፊቱ ከኋላዋ እየተሰነጠቀ ነው። ገደሉ በግራ በኩል ጥቁር ሆኖ ተከፈተ፤ ያኔ ቀኝ እጇ ሳታዘው ተነሳ።

«ሸጊ» አለ ላቀው በሬዲዮ። «እጅሽ ማንሻው ላይ ነው አይደል?»

«አዎ።»

«የኔም እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ እንደዚያው ነው።»

«ምን ላድርገው?»

«ጉልበትሽ ላይ አስቀምጪው። እኔም አስቀምጣለሁ።»

እጇን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። ድንኬ በዝግታ ትወርዳለች፣ ምላጩ ከኋላ ይጎትታታል። ቁልቁለቱ በበረታበት ላይ ስለቱ ድንጋይ ያዘ። ትራክተሯ በአንድ ጊዜ ወደ ግራ ተሽከረከረች፤ ሸጊቱ ፊት ለፊቷ ሰማይ ብቻ አየች። ጩኸት ከአፏ ወጣ። ምላጩ ግን ከመሬት አልወጣም። ድንኬ በኋላዋ እንደታሰረች ፍየል ዞራ፣ አፍንጫዋን ወደ ገደሉ አድርጋ ቆመች። ከገደሉ አፍ ገና ርቀት ነበራት።

በሬዲዮ ማንም አልጠራትም፤ መጥራት የፈሩ ይመስላል።

«አለሁ» አለች። «ያዘኝ። ምላጩ ያዘኝ።»

የላቀው ትንፋሽ ሬዲዮው ላይ ተሰማ፤ የሳቀ ወይም ያለቀሰ ይመስል ነበር። እሷ ፋታ ከወሰደች በኋላ ምላጩን ወደ ሌላው ጎን አዞረች፣ ጥቂት ነዳጅ ሰጠች። ድንጋዩ ከሥሩ ተነቅሎ ወደ ገደሉ ተንከባለለ፤ እንደ ላቀው አባባል፣ ድምፅ አልነበረውም። አፍንጫዋን ወደ መንገዱ መለሰችና ወረደች። ታች ስትደርስ የበረዶ መኪና ሾፌሮቹ ከነጠፈር ልብሳቸው እየዘለሉ ነበር፤ በማርስ ላይ ሰው ሲዘል ረጅም ጊዜ አየር ላይ ይቆያል።

ያን ቀንና በማግስቱ ስትወርድና ስትወጣ ዋለች። በማግስቱ ማታ ላይ መብራቱ ለነፋስ በርም አረንጓዴ ሆነ፤ መኪኖቹም ገቡ። ወይዘሮ ኤልፍነሽ ሬዲዮ ከፍተው ለከተማው ሁሉ ገላ መታጠብ ተፈቅዷል ሲሉ ከየቤቱ እልልታ ተሰማ።

ከዚያ በኋላ በሳምንቱ እንግዳ አዲሱን የድንኬን ልማድ ለሌሎቹ የማርስ ከተሞች ሊልክ ተዘጋጀ። ትራክተሮች ልማድ ይለዋወጣሉ፤ በሌላ ገደል ላይ ከባድ ምላጭ ይዞ የሚወርድ ሰው ይጠቅመዋል ብሎ ነው። የሸጊቱን፣ የላቀውንና የፋብሪካውን ልማድ ጎን ለጎን አድርጎ ሲያስተያይ ቆየና ወንድምና እህቱን ጠራቸው።

«ማሽኗ ወደ ኋላ ከመሄዷ በፊት ትንሽ ቆም የምትለውን ታውቃላችሁ?»

«ዘይቱ ግፊት እስኪያገኝ ነው» አለ ላቀው።

«እኔም እንደዚያ ነበር የምለው። አይደለም። ዘይቱ ዝግጁ ነው። የምትቆመው ልማዷ ውስጥ ስላለ ነው።» ወደ ስክሪኑ ጠቆመ። «የፋብሪካው ልማድ ምድር ላይ ከብዙ ሺህ ገበሬዎች እጅ የተለቀመ ነው። ስማቸውን የሚያውቅ የለም። በሌላው ነገር አይገናኙም፤ አንዱ ቶሎ ይዞራል፣ አንዱ ዘግይቶ፣ አንዱ ማርሹን ይሰብራል። ይቺን ቆም ማለት ግን ሁሉም ያደርጓታል።»

«ለምንድነው?» አለች ሸጊቱ።

የመለሰላት ወንድሟ ነው። «ከኋላ ሰው ይኖር እንደሆነ እያዩ ነዋ» አለ፤ ይህን ያህል ግልጽ ነገር መጠየቁ ያስገረመው ይመስል። «ልጅ ይኖራል፣ ሽማግሌ ይኖራል። አባታችንም ያይ ነበር።»

እንግዳ ቆም ማለቷን ልቁረጣት ወይስ ልተዋት ብሎ ሊጠይቅ ነበር የጠራቸው። ማርስ ላይ ከከተማው ግንብ ውጭ ከትራክተር ኋላ የሚቆም ሰው የለም፤ ጊዜ ነው የምትበላው። ሁለቱን አያቸውና ጥያቄውን ዋጠው፤ ልማዱን እንዳለ ላከው።

በማግስቱ ጠዋት ሸጊቱ ድንኬን ከጋራዡ ስታወጣ ማርሹን ወደ ኋላ ከተተች። ድንኬ እንደ ሁልጊዜው ቆም አለች። ሸጊቱም አብራት ቆመች፤ በከባዱ ቆብ ውስጥ አንገቷን እንደምንም አዙራ ወደ ኋላዋ አየች። እስከ አድማሱ ድረስ ቀይ ሜዳ ነው። ማንም አልነበረም። ማንም አለመኖሩን ደኅና አድርጋ ካየች በኋላ ፍሬኑን ለቀቀች።